ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ ምርኩዝ ከመያዟ በፊት ያሉት ዓመታት

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ባለፈው ሚያዝያ ከታናሽ እህቴ ጋር አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ልንሻገር ወጣን። ግንቦት 2016 የተመረቀ ሰሞን ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች የተመላለሰችበት ድልድይ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። መሃል ሳንደርስ ግራ እግሯ ይጎተት ጀመር፤ የጫማዋ አፍንጫ መሬቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። ብረቱን ይዛ "ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ" አለችኝ። ዕድሜዋ 34 ነው።

ሕመሟ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ተሳስቶ የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን ያጠቃል፤ ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው፤ በሴቶች ላይ ቢያንስ በእጥፍ ይበዛል።

እህቴን የጀመራት ከዓይኗ ነው። የነጠላዋ ቀይ ጥለት በአንዱ ዓይኗ ቀይ፣ በሌላው ታጥቦ የለቀቀ ሆኖ ይታያት ነበር፤ ዓይኗን ስታንቀሳቅሰውም ያማታል። የታየችበት ቦታ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኛት። እናታችን ጠበል ወሰደቻት። በአምስተኛው ሳምንት ዓይኗ ተመለሰ፤ ስለታችንን አስገባን። ዛሬም ትጠመቃለች፣ ወደፊትም ትጠመቃለች። ግን ያኔ ማንም ያልነገረን ነገር ነበር፦ ከአሥሩ ታማሚ ስምንት ዘጠኙን ሕመሙ የሚጀምራቸው እንዲህ መጥቶ በመመለስ ነው። እኛ "ዳነች" ስንል ውስጥ ጠባሳው ቀርቷል፤ ምንም ሳያማት አዲስ ጠባሳ ሊጨመርም ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ እግሯ ደነዘዘ፣ እሱም ለቀቃት። ሦስተኛው ግን አለቀቃትም። የበሽታውን ስም የሰማነው ያን ጊዜ ነው፤ ከዓይኗ ሕመም 7 ዓመት አልፎ።

ኩርትዝኪ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ሕመሙ ያደረሰውን ጉዳት ከ0 እስከ 10 የሚለካ መለኪያ አለ። 4 ላይ ያለ ሰው ሳያርፍ 500 ሜትር ይሄዳል፤ 5 ላይ 200 ሜትር። 6 ላይ 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ ይፈልጋል። 7 ላይ ከ5 ሜትር አያልፍም። እህቴ የት እንዳለች ከድልድዩ ታሰሉታላችሁ። ብዙዎችን ከዓመታት በኋላ መመላለሱ ይቀርና ቀስ እያለ መክፋት ብቻ ይሆናል፤ ነርቩ ራሱ እየሞተ ነውና ያኔ መድኃኒት የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ድካሙ፣ የሽንት ችግሩ፣ የመርሳቱ ነገር ደግሞ በሜትር አይለካም። የባሕር ዳር ሙቀት ሲበረታ ሁሉም ይብስባታል፤ ሲቀዘቅዝላት ይሻላታል።

የምለምናችሁ ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አንድ ወጣት አንድ ዓይኑ አሞት ሲደበዝዝበት፣ ወይም ድንዛዜው ቀናት ሲቆይበት፣ ጤና ጣቢያው "ቢመለስም ነርቭ ሐኪም ይየው" ብሎ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በምስል ወደሚያሳየው ኤም አር አይ የሚልክበት መመሪያ አውጡ። በካንሰር ሕክምና የሚታወቀውን ሪቱክሲማብ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለዚህ በሽታም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በደም ሥር የሚሰጥ ነው፣ በተለምዶ በየስድስት ወሩ። ክልላችን ውስጥ እንዲገኝ አድርጉ። ፊዚዮቴራፒውም እግሩ ገና ሳይዝል ይጀመር።

እህቴ ድልድዩን ተሻግራለች፤ ሦስት ጊዜ አርፋ። ስንመለስ ባጃጅ ያዝን።

አክባሪያችሁ፣
ወንድሟ፣ ከባሕር ዳር