ሜሞሪ ቢጨመርም ስታኩ አይሰፋም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ «ኮምፒውተራችሁ ድርቅ እያለ ካስቸገራችሁ ሜሞሪ ጨምሩ» የሚል ምክር አነበብኩ። ለብዙ ሰው ይሠራል፤ አልከራከርም። እኔን ግን ይህችው ምክር ደንበኛ ፊት አዋርዳኛለች።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የእህል መጋዘን የመኪና ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር እንዳገናኝለት ጠራኝ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ባለ 32 ቢት ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ተጭኖበታል። ለሚዛኑ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ስላልተገኘ ራሴው ጻፍኩ። ላፕቶፔ ላይ ሁለት ቀን ሞከርኩት፤ ዝንፍ አላለም። መጋዘኑ ላይ ግን ጠዋት ይሠራና መኪና ሲበዛ ድርቅ ይላል። አንድ ቀን ጭራሽ የ40 ኩንታሉን ጭነት 7 ኩንታል ብሎት አረፈ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሳቁ። ሻጩ አልሳቀም።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ሜሞሪ አንሶት ነው» አልኳቸው። 1 ጊጋ የነበረው 2 ጊጋ ሆነ። በማግስቱም ያው።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ድራይቨሩ ውስጥ፣ አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) ላይ 6 ኪሎባይት የሚፈጅ አሬይ (የመረጃ ድርድር) አስቀምጬ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር የሚያርፈው ስታክ ላይ ነው፤ ፈንክሽኖች ሲጠሩ ጊዜያዊ መረጃቸውን የሚደራርቡበት የሜሞሪ ቦታ ማለት ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሆን ችግር የለውም፤ ሊኑክስ ላይ የተለመደው ጣሪያ 8 ሜጋባይት ነው፣ እያስፈለገም ያድጋል። ድራይቨር የሚጠቀምበት የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ስታክ ግን አያድግም። በላፕቶፔ ባለ 64 ቢት ከርነል 16 ኪሎባይት ነው፤ በመጋዘኑ 8 ብቻ። ከ8ቱ 6ቱን እኔ ብቻዬን ስወስድ፣ ከእኔ በፊትና በኋላ የተጠሩት ፈንክሽኖች ሁሉ በ2 ኪሎባይት ይብቃቁ ማለት ነው። ጥሪው ሲረዝም ሞልቶ ፈሰሰ፤ የጎረቤቱንም ሜሞሪ አበላሸ። ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ቢጨመር ከደሴ በሚወስደው የሐረጎ ተራራ ላይ መንገዱ አይሰፋም፤ የእኔም 2 ጊጋ እንደዚያው ነው።

«ታዲያ ለምን ሰፋ አያደርጉትም?» አለኝ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የሚማረው የእህቴ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ትሬድ (ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ከሚያካሂዳቸው ሥራዎች አንዱ) የራሱን ስታክ ይይዛል፣ ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም። 2,000 ትሬድ ቢኖር በ16 ኪሎባይት 32 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል። ድሮ ደግሞ የስታኩ ገጾች (ሜሞሪው የሚከፋፈልባቸው ቁራጮች) ሜሞሪው ላይ ጎን ለጎን መገኘት ነበረባቸው፤ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ሲሰነብት ባዶው ቦታ ስለሚበታተን ያንን ማግኘት ከባድ ነው። ባለ 64 ቢቱም ከ8 ወደ 16 ያደገው በፈረንጆቹ 2014 ነው። በ2016 በወጣው 4.9 ከርነል ላይ ደግሞ ለባለ 64 ቢቱ ከስታኩ ጫፍ የሚከለክል ባዶ ገጽ ተቀመጠ፤ ሞልቶ ሲፈስ እዚያው ተይዞ ይጮሃል። የመጋዘኑ አሮጌ ኮምፒውተር ይህ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያበላሸው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አሬዩን ከስታክ አነሳሁት፤ ድራይቨሩ ሲጫን አንዴ በኬማሎክ (ከርነሉ ሜሞሪ በሚሰጥበት ፈንክሽን) ከስታክ ውጭ ቦታ ይጠይቃል። ስታኩ ላይ የቀረው 4 ባይት አድራሻ ነው። የሚያሳፍረው፣ ኮምፓይለሩ (የጻፍኩትን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፈንክሽኑ ስታክ አብዝቷል ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ መሀል ማን ያነበዋል!

ዓምደኛችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ከ«ግዙ» በፊት «መቼ መቼ ነው ድርቅ የሚለው? በቅርቡ ምን ጫናችሁበት?» ብለው ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል። ያቺ ሜሞሪ አሁንም እዚያው ናት። ኃላፊው ኮምፒውተሩ ፈጥኗል ይላሉ፤ እኔም ዝም ብያለሁ።

አንድ ጠጋኝ፣ ከደሴ