ለጓዳ ዕቃ ከመግዛት በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ስለ ጓዳ አደረጃጀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የተዝረከረከ ጓዳ ይስተካከል ዘንድ በቅድሚያ መጠናቸው ተመሳሳይ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃዎችና መደርደሪያ እንዲገዙ ይመክራል። እዚህ ጅማ በቡና መጋዘን ኃላፊነት ለረጅም ዓመታት ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ምክሩ በመጨረሻ ሊመጣ የሚገባውን በመጀመሪያ አስቀምጦታል ብዬ አምናለሁ።

ያለፈው ክረምት እንደ ወጣ ከባለቤቴ ጋር ሆነን በጓዳችን ያለውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ወደ ግቢ አወጣን። በየጥጉ ሦስት የሽሮ ፌስታሎች ተገኙ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የተገዙት የመጀመሪያው መኖሩ ስለ ተረሳ ነበር። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ በተመሳሳይ ጥቁር ላስቲክ ተቋጥረው ስለ ቆዩ ካልተፈቱና ካልተሸተቱ በቀር የሚለዩ አልነበሩም። ወለል ላይ የተቀመጠው በሶ ከሥሩ ሻግቷል። በአንጻሩ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች፣ የማርማላታ ጠርሙሶች፣ የማር ባልዲዎችና የምግብ ዘይት ጀሪካኖች «አንድ ቀን ይፈለጋሉ» ተብለው ከአልጋ ሥር ተከማችተው ነበር። ያ ቀን ደረሰላቸው።

የጅማ ጓዳ ዋነኛ ጠላት እርጥበት ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት ከተማ ጆንያን ከወለል ላይ አኑሮ ከግድግዳ ጋር ማስጠጋት እህሉን ውኃ እንደ ማጠጣት ይቆጠራል። በመጋዘን ቡና የሚደረደረው በእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ ሲሆን፣ ይህም የሚደረገው አየር ከሥርም ከጎንም እንዲዘዋወር ነው። እኛ ለርብራብ የተጠቀምነው አጥር ሲሠራ በተረፉ አራት ብሎኬቶችና በአንድ አሮጌ የበር ሳንቃ ነው። መቀመጫው የተሰነጠቀው የጅማ በርጩማችንም ሰው መሸከም ቢያቅተው ዛሬ የማር ባልዲ ተሸክሞ ይኖራል።

ጥብቅ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ለየትኛው እህል ይሰጡ የሚለው ጥያቄ ከመደርደሪያው ይልቅ ማሰብን ይጠይቃል። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውምና በጆንያው ቢቆይ አይጎዳም፤ ጀሪካኑ የሚያስፈልገው ለበቆሎ፣ ለስንዴ፣ ለባቄላና ለአተር ነው። ጀሪካኑ ዘይቱ እስኪለቅ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ፈጽሞ ከደረቀ፣ እህሉም በፀሐይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ እስከ አፉ ተሞልቶ ቢከደን፣ በውስጡ የቀረው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። ከፀሐይ የገባ እህል ግን ጥላ ውስጥ ሳይበርድ መታሸግ የለበትም፤ ሙቀቱ ከክዳኑ ሥር ላብ ይፈጥራል፣ ላቡም ሻጋታ ያመጣል። የሻገተ ዱቄት ወይም በርበሬ ላዩን ገፎ የቀረውን መብላት ደግሞ ቁጠባ አይደለም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በመቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ በሶውን፣ ባለቤቴ እጅግ ቢከፋትም፣ ጣልነው።

ቅመሞቹን በጠርሙስ ከገለበጥን በኋላ ከልጆች አሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት የእያንዳንዱን ስምና የገባበትን ወር ጽፈን በዱቄት ሙጫ ለጠፍንባቸው። አዲስ የገባው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት እንዲሆን፣ በየቀኑ የሚፈለገው በደረት ከፍታ እንዲቀመጥ፣ ለበዓል ብቻ የሚወርደው ድስትና ትሪም ከላይ እንዲሆን ተስማማን። የሚገባና የሚወጣውን የሚመዘግብ ካርድ በሩ ላይ ልስቀል ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ግን፣ ባለቤቴ የመጋዘን ዕቃ ማውጫውን ቅጽ ጠቅሳ «ለአንድ ጭልፋ ሽሮ ሞዴል 22 ልሙላ ወይ?» ስላለችኝ ሐሳቤን አንስቻለሁ።

ነጭ ጋዝ፣ የልብስ ሳሙናና በረኪና ከጓዳው ጨርሶ ወጥተዋል። ጥሬ ቡና በአጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ በመጋዘን ሳለሁ አይቻለሁ፤ ዱቄትም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም።

ዓምዳችሁ ወደፊት በዚሁ ጉዳይ የሚመለስበት ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ እንዲጨመርበት እለምናለሁ። በቤት ባለው ባዶ ዕቃ መጠቀም ሲባል ቀድሞ ምግብ የነበረበት ዕቃ ማለት ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የቀለም ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለእህልም ለውኃም አይሆንም። በገጠር ዘመዶቻችን ቤት እንዲህ ያለው ጀሪካን እህል ተሞልቶበት አይቻለሁና፣ ጽሑፉ ከመደርደሪያው ዋጋ አስቀድሞ ይህን ቢናገር መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመጋዘን ኃላፊ
ከጅማ