የምርምር ሥራ ለሚፈልጉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የምርምር ሥራ ፈላጊዎች ጋዜጣና የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ይጠብቃሉ። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚቀጠር ረዳት ተመራማሪ እንደሚፈለግ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 4 ኪሎ ሳይንስ ወይም 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ሄዶ መጠየቅ ይበጃል። ፕሮጀክቱን ለሚመራው መምህር የሚጻፈው ደብዳቤ ከ1 ገጽ አይለፍ፤ «ታታሪ ነኝ» ከማለት የሠሩበትን መሣሪያና የናሙናውን ብዛት መጥቀስ ይሻላል።

ብዙዎች የሚወድቁት ግን በወረቀት ነው፦ የዲግሪው ስም ከመታወቂያው በአንድ ፊደል ሲለይ፣ የአንዱ ማስረጃ ቀን በፈረንጅ፣ የሌላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ሲምታታ፣ የግል ድርጅት የልምድ ደብዳቤ ግብር መከፈሉን ሳይገልጽ ሲቀር። ይህን ማስተካከል ቀናት ይፈጃል፤ ምዝገባው ደግሞ አይጠብቅም።

ቀጣሪዎቹስ የፕሮጀክቱን ዕድሜ በማስታወቂያው ላይ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል?

ከ4 ኪሎ አካባቢ