አምስተኛ ክር ስለሌለው ባንጆ የቀረበ ቅሬታ

ለሙዚየሙ አስተዳደር

መውጫው በር ላይ ያለው የአስተያየት ሣጥን «በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉልን» ይላል። እሺ ብያለሁ። የእንግሊዝኛውን ቅጽ ልጄ ሞልታዋለች፤ ይሄ የእኔ ነው። አስተርጓሚ መፈለግ እንግዲህ የእናንተ ፋንታ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከናሽቪል ሦስት ሰዓት ተኩል ነድተን መጣን። እኔ፣ ባለቤቴና የ13 ዓመት ልጃችን። ልጄ ባንጆ ትማራለች፣ ክብ ገላው ላይ ቆዳ የተወጠረ ባለ አምስት ክር የሙዚቃ መሣሪያ። የሚያስተምሯት ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት። እሑድ እሑድ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ክራር መስሎኝ ከቤት ወጥቻለሁ። በልጅነቴ ክራር እደረድር ነበርና ጆሮዬ ቶሎ ይሸወዳል። ብሉግራስ የሚባለው፣ በባንጆና በሌሎች የክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ሙዚቃ ቤታችን የገባው እንዲህ ነው።

ከመግቢያው ሌላ፣ መሣሪያ ይዞ መሞከር ይቻልበታል ለተባለው ክፍል በሰው 15 ዶላር ጨምረን ከፍለናል። በኢንተርኔት፣ አስቀድመን። ደረሰኙ በእጄ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ባንጆ ተሰቅሏል። ሁለቱ በሰንሰለት ታስረዋል። ሦስተኛውን ልጄ አወረደችው። አምስተኛው ክር የለም! መቃኛው ብቻ አንገቱ ጎን ላይ ባዶውን ቀርቷል። ሠራተኛውን ብትጠይቀው «በአራቱ ተጫወቺ፣ ለልጆች ነው እኮ፣ ልዩነቱ አይታወቅም» አላት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ሳቋን ይሁን እንባዋን የያዘችው፣ አለየሁም።

ልዩነቱማ ይታወቃል። ያቺ አጭር ክር በአውራ ጣት የምትመታው ናት። ሌሎቹ ዜማውን ሲያመላልሱ እሷ አንድ ድምፅ ይዛ ከላይ ትቆያለች። ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ የብሉግራስ አባት የሚባለውን የቢል ሞንሮን ባንድ ሲቀላቀል ይዞት የመጣው በሦስት ጣት የመምታት ስልት ያለ እሷ አይሆንም። ይሄን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እናንተው ትልቁ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁታል። በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሰዎች የሚጫወቱት አኮንቲንግ የሚባለው የባንጆ ዘመድም ሦስት ክር ብቻ ኖሮት አንዷ አጭር ናት፣ እሷም የአውራ ጣት ናት። ቅል ላይ ቆዳ ተወጥሮ የሚሠራ ነው። ባንጆ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋር የመጣ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፋችሁ ግን አንዲት መስመር ነው፣ ያውም ከታች። ለማንበብ በርከክ አልኩ።

ስለ አርኖልድ ሹልትስም ስሙን ፈልጌ አጣሁት። ሞንሮ ገና ልጅ ሳለ ኬንታኪ ውስጥ ጭፈራ ቤት አብሮት የተጫወተ ጥቁር ጊታሪስት ነው። ሞንሮ ራሱ ከሱ መማሩን ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ሹልትስ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሞት አንድም ድምፅ አልተቀዳለትም። ሸክላ የለውም። እናንተ ካልጻፋችሁለት የት ይገኝ?

ማዳመጫዎቹንም ላንሳ። ከስድስቱ የሠራልን አንዱ ነው። የቀሩት ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። ይሄ ጊዜ መቼ እንደጀመረ እንጃ። የሙዚቃ ሙዚየም ገብተን የሰማነው የአየር ማቀዝቀዣውን ነው።

ትኬት ቆራጯን ገንዘባችንን ብጠይቃት «ክፍሉ ከገባችሁ አይመለስም» አለችኝ። ታዲያ ሳንገባ ክሩ መጥፋቱን በምን እንወቅ?

የመግቢያውን አልጠይቅም፤ ፎቶዎቹን ጠግበን አይተናል። የክፍሉን 45 ዶላር ግን በከፈልንበት ካርድ መልሱልን። የሹልትስን ስምም ሰው ቆሞ በሚያነብበት ከፍታ ላይ ጻፉት።

ፖስታው ውስጥ የተጠቀለለች ቀጭን ክር ታገኛላችሁ። ከልጄ ናት። ለሦስተኛው ባንጆ፣ ከበሩ በስተግራ ላለው።

ከአክብሮት ጋር
የልጅቷ አባት