አበባ ከመግዛት በፊት የበረንዳውን ፀሐይ መቁጠር ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም በረንዳዎች ላይ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ቀጥነው ሲሞቱ ማየት የተለመደ ሆኗል። ሰው ተክሉ የጠማው እየመሰለው ውሃ ይጨምርበታል። ግንዱ ከረዘመ፣ ቅጠሉ ከሳሳና ወደ ውጭ ካጋደለ ግን የጎደለው ብርሃን ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ፣ የተጨመረው ውሃ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይ በአንድ ወገን አትቆይም። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም በሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ሰሜን የሚያይ በረንዳ በበጋ ፀሐይ አያገኝም፤ ተራው በደረሰ ጊዜ ደግሞ የክረምቱ ደመና ይጋርደዋል። ደቡብ የሚያየው በታኅሣሥ እስከ ውስጥ ድረስ ይበራበታል፤ በመጋቢት ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን የላይኛው ፎቅ ወለል ይከልላታል። ምሥራቅ የሚያየው የጠዋት ለስላሳ ፀሐይ ስላለው ለአብዛኛው ተክል የተሻለው እሱ ነው። ስለዚህ ጥርት ባለ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ፀሐይ በየትኛው ጥግ ስንት ሰዓት እንደምታርፍ መመዝገብ፣ ከዚያም በሌላው ወቅት መድገም ያስፈልጋል።

ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠልም ሆኑ በሶብላ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋሉ። በቀን ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል የጠዋት ፀሐይ ለሚያገኝ በረንዳ ቤጎኒያ፣ ፉሺያ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ናና ይስማማሉ። ፉሺያ ሙቀት ስለማይወድ የአዲስ አበባ ብርድ ይመቸዋል። ናና በመሬት ውስጥ እየተሳበ ጎረቤቱን ስለሚውጥ ለብቻው ይተከል። ፀሐይ ጨርሶ ለማያርፍበት ግን ብርሃን ላለው ቦታ ፈርን፣ ስፓይደር ፕላንትና ሳንሰቬሪያ ይበቃሉ። ዲፈንባኪያም ጥላ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ስለሚያሳብጥ ሕፃን ባለበት ቤት ባይገባ እመርጣለሁ።

ለሰላጣ 20፣ ለቆስጣ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፖት ይበቃል። የተቆረጠ ጀሪካንም ይሆናል፤ ከሥሩ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ አራት ወይም አምስት ቀዳዳዎች ይኑሩት። ከቀዳዳው በላይ ጠጠር መደርደር ግን ይቅር። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ጠጠሩ ያን የረጠበ አፈር ወደ ተክሉ ሥር ያቀርበዋል እንጂ አያደርቀውም። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይሻላል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ውሃ የሚጠጣው በቀን ቁጥር ሳይሆን ጣት ሁለት አንጓ ያህል ገብታ ደረቅ አፈር ስታገኝ ነው።

ችግኝ ለምትሸጡ ወገኖች አንድ ልመና አለኝ፦ በየፖቱ ላይ ተክሉ የሚፈልገውን የፀሐይ ሰዓት ጻፉ። በአረንጓዴ መረብ ሥር ያደገ ከሆነም ለገዢው ንገሩት፤ እንዲህ ያለው ችግኝ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ስለሚቃጠል፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማለማመድ አለበት።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ