ትምህርት ቤት ይዘጋ ከማለታችን በፊት የተማሪው ማደሪያ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወረርሽኝ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ይገባል የሚለውን በቅርቡ ያወጣችሁትን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለሕዝብ ጤና መቆርቆራቸው የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለሚያስተምር ሰው ግን ክርክራቸው የተማሪውን አኗኗር የዘነጋ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገኘ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ስለ በሽታው የሚታወቀው ጥቂት ስለነበር ያን ጊዜ የተወሰደውን እርምጃ አልነቅፍም። ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ ክፍሉ ተቆልፎ ሳለ የቅዳሜ ገበያው፣ ለቅሶውና ማኅበሩ እንደ ወትሮው ነበር፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርትም መብራት ለሌለው ቀበሌ አልደረሰም። ከሴት ተማሪዎቻችን መካከል በዚያው ተድረው የቀሩ አሉ።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት በፈረቃ ሲጀመር ዴስኮቹን አራርቀን፣ ተማሪውን ለሁለት ከፍለን ተቀበልን። ችግሩ ግን ከግቢው ውጭ ነበር። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት የተከራዩ ናቸው፤ ሦስትም አራትም ሆነው በአንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል፣ በአንድ መደብ ላይ ያድራሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በእግራቸው ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እሑድ ማታ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እኛ ፈረቃውን የደለደልነው በስም ፊደል ተራ ስለነበር፣ አንድ ብርድ ልብስ ከሚለብሱት ልጆች አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ማክሰኞ ይገባ ነበር። አንዱ ቢታመም ሁለቱም ፈረቃ ይነካል ማለት ነው፤ መራራቁ ለዴስኩ እንጂ ለልጁ አልሆነም።

ልጆች በኮሮና እምብዛም የማይጠናባቸው ቢሆንም፣ ቫይረሱን ለአያቶቻቸው ሊያደርሱ መቻላቸው አይካድም። ስለዚህ አብረው የሚያድሩ በአንድ ፈረቃ ይግቡ፤ በወረዳው ሥርጭቱ በጨመረባቸው ሳምንታትም ልጆቹ ወደ ገጠር መመላለሱን ትተው ስንቃቸው ገበያ በሚወጣ ዘመድ ይላክላቸው። ገበያና ድግስ ሳይገደብ ትምህርት ቤት ብቻውን አይዘጋ። በሽታው በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ መስኮት መክፈት ከሁሉ የቀለለው መከላከያ ቢሆንም፣ የጮቄ ተራራ ብርድ በሚወርድበት ጠዋት መስኮት ክፈቱ ማለት ለተናጋሪው እንጂ ለተማሪው ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ በየክፍለ ጊዜው መካከል ይከፈት።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ የምዝገባ ቅጽ ላይ የወላጅ ስምና ቀበሌ ይሞላል፤ ተማሪው ከተማ ውስጥ የት፣ ከእነማን ጋር እንደሚያድር የሚጠይቅ ቦታ ግን የለውም። ስም ጠሪ መምህራን በአንድ ቀን ሊሞሉት የሚችሉት ነገር ስለሆነ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለመጪው ምዝገባ እንዲያስገቡት በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከምሥራቅ ጎጃም