ከጅማ፣ ድምፄን ካጠፋሁ በኋላ

ስማ አንተ ልጅ፣

ሁለት አመት ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ፣ ሁላችንም ደህና ነን። አኩርፌህ አይደለም፣ መጀመሪያ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ በኋላ ደሞ በምን ፊቴ ልደውል እያልኩ ነው።

ነሐሴ ላይ ታናሽ ወንድሜ አጂፕ ጋር ከሞተር ወደቀ። ሄልሜት የለ ምን የለ። ሲቲ ስካን ተነስቶ አንጎሉ አብጧል አሉን። እግር ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፣ ራስ ቅል ግን አጥንት ነው፣ ግፊቱ ከጨመረ ደም ራሱ መግባት ያቅተዋል። እማዬ ትራስ ስትደራርብለት ነርሷ ተቆጥታ አነሳችውና አልጋውን በራስጌ በኩል ከፍ፣ አንገቱን ቀጥ አደረገችው። ማኒቶሉን፣ እብጠት የሚቀንሰውን በደም ስር የሚሰጥ መድሃኒት፣ ብርሃን ላይ አየችውና ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ ለካ ብርድ ሲያገኘው እንደ ስኳር ይረጋል፣ የጅማን ክረምት ታውቀው የለ። "ውሃውን ከአንጎሉ ወደ ደም ይስባል" አለችኝ። ኦስሞሲስ እኮ ነው! ስንት አመት በድንችና በጨው ውሃ ያስተማርኩት።

ሌሊት ኮሪደር ላይ ስልኬን ይዤ ማንበብ። አኳፖሪን ትዝ ይልሃል? ፒተር አግሬ በፈረንጅ 2003 ኖቤል ያገኘበት፣ ለፈተና ሸምድደን የረሳነው፣ ሴል ሽፋን ላይ የውሃ ቀዳዳ የሚሆነው ፕሮቲን። አንጎል ውስጥ በብዛት ያለው አኳፖሪን 4 ነው፣ አስትሮሳይት የሚባሉት የአንጎል ረዳት ሴሎች ደም ስሩን በሚያቅፉበት እግራቸው ላይ ተደርድሯል። ሴሉ ጉልበት ሲያጣ ሶዲየም ይገባበታል፣ ውሃውም ተከትሎት በዛ ቀዳዳ ይገባና ሴሉ ያብጣል። በ2000 የወጣ ጥናት ላይ ይሄ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ስትሮክ ሲይዛቸው አንጎላቸው ብዙም አላበጠም፣ እኔም በቃ ይዘጋዋ ምን ይጠብቃሉ ብዬ ሲነጋ ሬዚደንቱን ሐኪም ያዝኩት። ሳቀ። "የ2004ቱንም አንብብ" አለኝ።

ሳነበው ደም ስሩ ራሱ ሲያፈስ፣ እጢ ሲኖር ለምሳሌ፣ ውሃው ከሴሉ ውጪ ነው የሚጠራቀመው፣ መውጫው ደሞ ያው ቀዳዳ ነው! አኳፖሪን 4 የሌላቸው አይጦች እዚህ ላይ ባሰባቸው። አዌቱ ወንዝ ሲሞላ ጎርፍ ፈርተህ የግቢህን ቱቦ ብትደፍን ቀድሞ የገባውስ በየት ይወጣል? ወንድሜ ላይ ደሞ ሁለቱም አይነት እብጠት ነው የተደባለቀው። ለካ ቀዳዳውን የሚዘጋ መድሃኒት እስካሁን ዋርድ ያልገባበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ነቃ። አሁን ይራመዳል፣ ራሱን ያመዋል፣ ነገር ይረሳል፣ ሞተሩን ግን አልረሳም፣ ሸጥነው ብዬዋለሁ። አልሸጥነውም፣ ከደወለልህ እንዳትነግረው።